ዑመር ኢብኑል ኸጣብ፦ ወደ ገበታው ያልመጡትንም የቆጠረ ኸሊፋ



ባንኮ ጎቲቲ የሚለውን ስም የሰማ ሰው ከሁለት ነገሮች በአንዱ ሳይሰማው አይቀርም። ቡና የሚነግድ ሰው በቡናዋ ያውቃታል። በጌዴኦ ዞን ገደብ ወረዳ የምትገኘው ይህች ቀበሌ ስሟ ባሕር ተሻግሮ በውጭ አገር የቡና ከረጢቶች ላይ ታትሞ ይሸጣል። ዜና የሚከታተል ሰው ደግሞ በ2011 መጋቢት ወር ያስታውሳታል። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት፣ በ2010 ከሚያዝያ ጀምሮ በተነሳው ግጭት ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ በድምሩ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀየው ተፈናቅሎ ነበር። በሁለቱም ወገን ቤት ተቃጥሏል፣ ሰው ሞቷል። ወራት አልፈው ነገሩ ከወሬ ሲወጣ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጎቲቲ ላይ በላስቲክ ዳስ ተጠልለው ቀሩ። በመጋቢት በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕጻናት ምስል ወጣ፤ አገር ደነገጠ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ወደ ሥፍራው ሄዱ።

የዚያን ጊዜ ዘገባዎች ካነበብን በኋላ ከአእምሯችን ያልወጣ አንድ ነገር አለ። ጎቲቲ ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ ቀድሞ ወደ ቀያቸው ተመልሰው፣ እዚያ መኖር ስላልቻሉ ዳግም የሸሹ ነበሩ። በመዝገብ ግን ተመላሾች ናቸው። ስለዚህ እህሉ የሚፈልጋቸው እነርሱ በሌሉበት ቦታ ነበር። ልጆቹን ያሳመማቸው የዝናብ እጥረት አልነበረም፤ ጌዴኦ እንሰትና ቡና የማይጠፋበት ለምለም አገር ነው። ያሳመማቸው ከቤት መባረር፣ ከእርሻ መራቅ፣ ከዝርዝር ውጭ መሆን ነው።

የጤና ባለሙያዎች አንድን ሰው ከሌላው ይበልጥ የሚያሳምመው የተህዋሲያን ነገር ብቻ እንዳልሆነ፣ የሚኖርበት ቤት፣ የሚበላው ምግብ፣ ያለበት ሕግና የተሰጠው ቦታም እንደሆነ ይናገራሉ። ይህንን ያህል ግልጽ ባለ መንገድ በሥልጣኑ ላይ ሆኖ የተረዳ አንድ ሰው ከታሪካችን ጥሩ ብንባል የምንጠራው ሁለተኛውን ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብን (ረ.ዐ) ነው። ስለ ዑመር ብዙ ተጽፏል፤ በብዛት ግን ስለ ድሎቹና ስለ ግርማው ነው። እኛ ዛሬ ሕይወቱን የምንተርከው በረሃብተኛውና በበሽተኛው በኩል ሆነን ነው።

ዑመር ከሂጅራ 40 ዓመት ገደማ አስቀድሞ መካ ውስጥ ተወለደ። ወገኖቹ ከቁረይሽ ጎሳ በኒ ዐዲይ የሚባሉት ናቸው። አባቱ ኸጣብ ልበ ደረቅ ሰው ነበር፤ ልጁን ዶጅናን በተባለ ቦታ ግመል ያስጠብቀዋል፣ በሥራ ያደክመዋል፣ ሲያጎድል ይመታዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ዑመር ኸሊፋ ሆኖ በዚያው መንገድ ሲያልፍ ቆም ብሎ ያንን ዘመን እንዳስታወሰና፣ ዛሬ ከበላዩ ከአላህ በቀር ማንም እንደሌለ እያሰበ እንደተገረመ ይወራል። የእረኝነቱ ነገር ዝም ብሎ የሚታለፍ አይመስለንም። ደክሞትና ርቦት የሚያውቅ ሰው ሥልጣን ላይ ሲወጣ ወይ ጨርሶ ይረሳል፣ ወይ ጨርሶ አይረሳም።

አድጎ ማንበብና መጻፍ ተማረ፤ ያን ጊዜ መካ ውስጥ ይህን የሚችሉ ጥቂቶች ነበሩ። ነገደ፣ ወደ ሻም ተመላለሰ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ተልከው ጥሪያቸውን ሲጀምሩ ከጠላቶቻቸው ብርቱዎቹ መካከል አንዱ ሆነ። ደካማ ሙስሊሞችን ከሚያሰቃዩት ጋር ነበር።

ልቡ መለስ ማለት የጀመረው በአገራችን ስም በሚነሳ አጋጣሚ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ለይላ ቢንት አቢ ሐሥማ የተባለችው ሰሐቢይት ከባሏ ከዓሚር ኢብኑ ረቢዓ ጋር ወደ ሐበሻ ልትሰደድ እቃዋን ስትሸክፍ ዑመር ድንገት መጣባት። ባሏ በቦታው አልነበረም። እርሷም እንደተለመደው ክፉ ቃል ስትጠብቅ፣ በርግጥ ልትሄዱ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። እንዳሰቃዩዋቸውና መኖሪያ እንዳሳጧቸው ነገረችው። ዑመርም አላህ አብሯችሁ ይሁን ዓይነት ደግ ቃል ተናግሮ፣ ከፊቱ ላይ ሐዘን እየተነበበ ሄደ። ባሏ ሲመለስ ያየችውን ብትነግረው የኸጣብ አህያ ካልሰለመ በቀር ዑመር እንደማይሰልም ነግሮ ቀለደባት። ተፈናቃይን በእቃው መካከል ቆሞ ማየት ግን በልቡ አንድ ነገር ጥሎ ነበር። በእህቱ በፋጢማ ቤት የሱረቱ ጣሃን አንቀጾች አንብቦ የሰለመበትን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ ስለምናውቀው አናስረዝመውም።

ሐበሻ አንድ ጊዜ ደግሞ መጥታበታለች። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ከጀዕፈር ጋር ከሐበሻ የተመለሱት ሙሃጂሮች መዲና ሲገቡ፣ ከእነርሱ አንዷ አስማእ ቢንት ዑመይስ በዑመር ልጅ በሐፍሷ ቤት ተቀምጣ ነበር። ዑመር ገብቶ ማንነቷን ሲያውቅ፣ እኛ በሂጅራ ቀድመናችኋልና ከእናንተ ይልቅ ለአላህ መልእክተኛ የቀረብነው እኛ ነን የሚል ነገር ተናገራት። አስማእ ተቆጣች። እናንተ ከእርሳቸው ዘንድ ነበራችሁ፣ የተራበውን ያበሏችሁ ነበር፣ ያላወቀውን ያስተምሯችሁ ነበር፤ እኛ ግን በሩቅ አገር በስጋትና በችግር ላይ ነበርን ስትል መለሰችለት። ጉዳዩንም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቀረበች። እርሳቸውም ለዑመርና ለጓደኞቹ አንድ ሂጅራ፣ በመርከብ ለመጡት ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ፈረዱ። ዑመር ከዚህ ምን ያህል እንደተማረ መጽሐፎቹ አይነግሩንም። የምናውቀው በኋላ ኸሊፋ ሲሆን ከሩቅ ያለ ሰው የሚደርስበትን ችግር ከቅርቡ ሰው እኩል ለመስማት ሲደክም መኖሩን ነው።

በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ አቡበክር (ረ.ዐ) ሲያርፉ ኸሊፋነቱ ለዑመር ሆነ። አሥር ዓመት ገዛ። በእነዚህ ዓመታት ሻም፣ ዒራቅ፣ ግብጽና አብዛኛው ፋርስ በሙስሊሞች እጅ ገቡ። ሀብት ወደ መዲና ጎረፈ። ዑመርም ዲዋን የተባለውን መዝገብ አስጀመረ፤ የሰው ስም ተመዘገበ፣ ለእያንዳንዱም ከበይተል ማል ዓመታዊ አበል ተቆረጠለት። ቀለብም ይሰፈር ነበር። የቀለቡን ልክ እንዴት እንዳወቀው ማንበብ ያስደስታል። በግምት አልወሰነም። በጀሪብ የተሰፈረ እህል አስፈጭቶ፣ አስጋግሮ፣ ከዘይት ጋር ፈትፍቶ ለ30 ሰዎች ምሳ አቀረበ፤ ጠገቡ። ለእራትም እንዲሁ አደረገ። ከዚያ በኋላ ነው ለአንድ ሰው በወር ሁለት ጀሪብ እንደሚበቃው የቆረጠው። ባሪያ የነበረውም ያንኑ ያገኝ ነበር።

መዝገብ ግን መዝገብ ነው። የሚጽፈው ሰው ያላሰበውን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ኢብኑ ሰዕድ የዘገበው የሕጻኑ ታሪክ የሚያሳየን ይህንኑ ነው።

የነጋዴዎች ጓዝ መዲና ደርሶ ከከተማው ዳር ሰፈረ። ዑመር ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ጋር ሆኖ ሌሊቱን ሊጠብቃቸው ወጣ። ሁለቱም እየሰገዱ እየጠበቁ ሳለ ሕጻን ሲያለቅስ ተሰማ። ዑመር ወደ እናትየዋ ሄዶ አላህን እንድትፈራና ልጇን በደንብ እንድትይዝ ነግሯት ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ልቅሶው እንደገና ተሰማ። እንደገና ሄደ። ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰማ ተናደደና ክፉ እናት ነሽ አላት፤ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ለምን አላረፈም? እርሷም ማን እንደሚያናግራት ሳታውቅ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዳሰለቻት፣ ልጁንም ጡት ልታስጥለው እየታገለች እንደሆነና እምቢ እንዳላት ነገረችው። ለምን ብሎ ሲጠይቃት፣ ዑመር አበል የሚቆርጠው ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ስለሆነ ነው አለችው። ዕድሜው ስንት ነው? ጥቂት ወር ነው። አትቸኩዪ ብሏት ሄደ።

ያን ዕለት ፈጅር ሲያሰግድ ከልቅሶው የተነሳ ሰዎች የሚቀራውን መለየት አልቻሉም። ካሰላመተ በኋላ ስንት የሙስሊም ልጆችን እንደገደለ እያሰበ በራሱ ላይ አዘነ። ከዚያም ልጆቻችሁን ጡት ለማስጣል አትቸኩሉ፣ በእስልምና ለሚወለድ ሕጻን ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ አበል ተቆርጧል የሚል አዋጅ አስነገረ። ወደ ግዛቶቹም ሁሉ ጻፈ። ለተወለደ ሕጻን 100 ዲርሃም ሆነ፤ ሲያድግም ይጨመርለታል።

ይህን ታሪክ ኹጥባ ላይ ሲተረክ የምንሰማው ስለ ዑመር ርህራሄ ነው፤ ልክ ነው። እኛ ግን ከርህራሄው ይልቅ ሌላው ነገር ይደንቀናል። የመጀመሪያው ደንብ በክፋት የወጣ አልነበረም። ጡት የሚጠባ ልጅ ወተቱ ከእናቱ ነው፣ ከእህል ቤት ምንም አይፈልግም ብሎ ያሰበ ሰው ያወጣው፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ምክንያታዊ የሆነ ደንብ ነው። ድሃዋ እናት ግን ደንቡን ያነበበችው በሌላ ዓይን ነው። ጡቱን ካስጣልኩት ገንዘብ አገኛለሁ ብላ አስላች። ቁርኣን ለጡት ሁለት ዓመት ሲያመለክት፣ የዛሬ ሐኪሞችም ሕጻን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ሌላ ምንም እንዳይቀምስ ሲመክሩ፣ የበይተል ማሉ ደንብ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይገፋ ነበር። ዑመርም መጀመሪያ ያየው እንደ ማንኛችንም ነው፤ ጥፋቱን የእናትየዋ አደረገው። ሁለት ጊዜ መክሯት ሄዷል። በሦስተኛው ለምን ብሎ ጠየቀ፣ መልሱም ወደ ራሱ ጠቆመ። በጤና ጣቢያ በር ላይ ስንት እናት ልጅሽን ለምን እንዲህ አደረግሽው ተብላ ተቆጥታለች! ለምን ተብላ ተጠይቃ መልሷ ተሰምቶ ያውቃል ወይ?

ሌላው ታሪክ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ከአገልጋዩ ከአስለም ጋር ሌሊት ከከተማ ውጭ ሲሄድ እሳት አየ። ሴት ናት፤ ልጆቿ ያለቅሳሉ፤ ድስት ጥዳለች። ድስቱ ውስጥ ውኃ ብቻ ነው፤ እስኪተኙ ድረስ እያታለለቻቸው ነው። በእኛና በዑመር መካከል አላህ ይፍረድ አለች። ዑመር ስለ እናንተ በምን ያውቃል ብሎ ጠየቃት። ጉዳያችንን ሊመራ ተሾሞ ከዚያ ይዘነጋናል ወይ ስትል መለሰች። ያን ጊዜ ወደ እህል ቤቱ በሩጫ ተመልሶ የዱቄት ጆንያና ስብ አወጣ። አስለም ልሸከምልህ ሲለው የቂያማ ዕለት ሸክሜን ትሸከምልኛለህ ወይ ብሎ እምቢ አለው፤ በራሱ ጀርባ ተሸክሞ ሄደ። እሳቱን ሲያራግብ ጭሱ በጺሙ መካከል ሲወጣ አስለም ያይ ነበር። አብስሎ አቀረበላቸው፤ ልጆቹ ጠግበው ሲጫወቱና ሲተኙ እስኪያይ ድረስም ከዚያ አልሄደም። የሴትየዋ ክርክር ግን ከጆንያው ይልቅ ከብዶናል። አላወቅኩም ማለት ለመሪ ምክንያት አይሆንም ነው ያለችው። ዑመርም አልተከራከራትም።

አንድ ሌሊት ደግሞ ከመዲና ውጭ አንድ እንግዳ ገጠሬ ድንኳን ተክሎ አገኘ። ሚስቱ ምጥ ይዟታል፤ ከእርሷ ጋር ማንም ሴት የለም። ዑመር ወደ ቤቱ ተመልሶ ሚስቱን ኡሙ ኩልሡምን፣ የዐሊይን ልጅ፣ አላህ የላከልሽ ኸይር ሥራ አለ ብሎ ቀሰቀሳት። ለወላዷ የሚያስፈልጉትን ነገሮች ይዛ ተከተለችው። እርሷ ውስጥ ገብታ ስታዋልድ እርሱ ውጭ ከሰውየው ጋር እሳት አንድዶ ምግብ ያበስል ነበር። ወንድ ልጅ ተወለደ። ኡሙ ኩልሡም ከውስጥ አሚረል ሙእሚኒን ብላ ስትጠራው ነው ሰውየው ከማን ጋር ተቀምጦ እንደነበር ያወቀውና የደነገጠው። ዛሬም ከአውራ መንገድ ርቆ በሚኖር ሕዝብ ዘንድ እናትን ከሞት የሚለያት ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፦ በዚያች ሌሊት አጠገቧ የሚያውቅ ሰው መኖር አለመኖሩ።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና እንመለስ። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ዝናብ ለዘጠኝ ወር ያህል ጠፋ። ንፋሱ አመድ የሚመስል አፈር ያነሳ ስለነበር ዓመቱ ዓመተ ረማዳ፣ የአመድ ዓመት ተባለ። ከብት አለቀ። የገጠሩ ሕዝብ ከየአቅጣጫው ወደ መዲና ጎረፈና በከተማዋ ዙሪያ ሰፈረ። ዛሬ ተፈናቃይ የምንለው ማለት ነው።

ዑመር ለየአገሩ ሹማምንት የድረሱልኝ ደብዳቤ ጻፈ። አቡ ዑበይዳ ከሻም 4,000 ግመል እህል ጭኖ መጣ። ሌሎችም ላኩ። ዑመር በየአቅጣጫው በሰፈሩት ሰዎች ላይ ተቆጣጣሪዎች ሾመ፤ ማታ ማታ እርሱ ዘንድ ተሰብስበው ያዩትን ሁሉ ይነግሩታል። ትልልቅ ድስቶች ተጣዱ። ሠራተኞቹ ገና ሳይነጋ ተነስተው ለበሽተኞች የሚስማማ ለስላሳ ምግብ ያዘጋጁ፣ ገንፎም ያገነፉ ነበር። የታመመ ሰው የጤነኛውን ምግብ እንደማይችለው ታስቦበታል ማለት ነው።

ከዚያ ሁሉ ግን አንዲት ነገር አለች፤ ይህንን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገችንም እርሷ ናት። አንድ ማታ ዑመር እርሱ ዘንድ እራት የበሉት እንዲቆጠሩ አዘዘ። 7,000 ሰዎች ሆኑ። በዚህ አላበቃም። ወደ ገበታው የማይመጡት ቤተሰቦች፣ በሽተኞቹና ሕጻናቱም ይቆጠሩ አለ። ተቆጠሩ፤ 40,000 ሆኑ። ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ እንደገና ሲቆጠር ወደ ገበታው የመጡት 10,000፣ ያልመጡት 50,000 ደርሰው ነበር።

ቁጥሮቹን ቀስ ብለን እንያቸው። ሰልፍ ላይ ቆሞ የበላው ሰው ከስድስት አንድ አይበልጥም ነበር። ዑመር በገበታው ዙሪያ ያለውን ሕዝብ ብቻ አይቶ ተመስገን ሰው እየበላ ነው ቢል ማንም አይወቅሰውም። እግር ያለው መጥቷል። ያልመጣው ግን እግር ያጣው፣ ትኩሳት ያስተኛው፣ ሕጻን ታቅፋ ከድንኳን መውጣት ያልቻለችው ነው። ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ሁልጊዜ ከሰልፉ ውጭ ነው። እኛም በአስተማሪነት ባሳለፍናቸው ዓመታት በየጠዋቱ ስም ስንጠራ የቀረውን ልጅ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርገን እናልፍ ነበር፤ የት እንደዋለ የጠየቅንባቸውን ቀናት ብንቆጥር ጥቂት ናቸው።

ማሊክ ኢብኑ አውስ ከወገኖቹ 100 ያህል አባወራ በዚያ ዓመት መዲና ዳር ሰፍረው እንደነበር ይተርካል። ዑመር የመጣውን ያበላል፤ ላልመጣው ዱቄት፣ ተምርና ማባያ ወደ ቤቱ በየወሩ ይልክለታል። በሽተኞቻቸውን ይጠይቃል፤ ለሞቱት ከፈን ይልካል። ከእነርሱ ብዙዎች ሞቱ። ዑመር በአንድ ጊዜ አሥር ጀናዛ ላይ ሲሰግድ ማሊክ አይቷል። ይህንን ሳንደብቅ የምንጽፈው ታሪኩን ወደ ተረት ላለመለወጥ ነው። ጥሩ አስተዳደር ሞትን ሁሉ አላስቀረም፤ ያልመጡትም ግን ተቆጥረዋል።

እርሱ ራሱ በዚያ ዓመት ሕዝቡ እስኪያገግም ድረስ ቅቤና ሥጋ ላይቀምስ ማለ። ዘይት ብቻ ሲበላ መልኩ ጠቆረ፣ ሆዱም ይጮህ ነበር። አንድ ቀን ገበያ ቅቤና ወተት መጣና አገልጋዩ በ40 ዲርሃም ገዛለት። ዑመር ግን ሁለቱንም ሶደቃ እንዲሰጣቸው አዘዘ፤ ሰዎቹን የነካቸው ነገር እርሱን ካልነካው ስለ ሁኔታቸው እንዴት ሊገደው እንደሚችልም ጠየቀ። ከልጆቹ አንዱ ሐብሐብ ሲበላ አይቶ የሙሐመድ ኡመት እየከሳ አንተ ፍሬ ትበላለህ ብሎ ገሠጸው። በዚያ ዓመት ዘካ ሰብሳቢ አልላከም፤ ሌባ የሰረቀው ከረሃብ እንደሆነ አይቶም የእጅ መቁረጥን ቅጣት አቆመ። ሲዘንብና ምድር ስትረጥብ ሰብሳቢዎቹን ልኮ የሁለት ዓመት ዘካ እንዲወስዱ፣ አንዱን እዚያው ለድሆቻቸው አከፋፍለው አንዱን እንዲያመጡ አዘዘ።

አመላለሱንም ልብ ማለት ይገባል። ዝናብ ሲመጣ ገጠሬዎቹ ወደለመዱት አገራቸው እንዲመለሱ አደረገ፤ ነገር ግን ስንቅና መጓጓዣ ሰጥቶ፣ ደካሞቹንም አስጭኖ ነው። የተመለሱት ዝናብ ከዘነበ በኋላ፣ ያፈናቀላቸው ምክንያት ከተወገደ በኋላ ነው። ከጎቲቲ ዳስ ወጥታ የተቃጠለ ቤቷ ዘንድ ሄዳ፣ አድራ የተመለሰች እናት በዚህ በሁለተኛው ነገር ላይ ብዙ የምትለው ይኖራታል ብለን እናስባለን።

ረሃቡ ሳይለቅ ወረርሽኙ ደረሰ። በፍልስጥኤም ዐምዋስ ከተባለች ቦታ የተነሳው ጧዑን በሻም ያለውን የሙስሊም ሠራዊት ያጭድ ጀመር። ዑመር ወደ ሻም ሲጓዝ ሰርግ ላይ ወሬው ደረሰው። ሙሃጂሮችን አማከረ፤ ተለያዩ። አንሷሮችን አማከረ፤ እነርሱም ተለያዩ። የቁረይሽ አዛውንቶችን ሲጠይቅ ሁሉም ባንድ ቃል ሰዎቹን ይዘህ ተመለስ አሉት። ለመመለስ ሲወስን አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ዑመርም አዎ፣ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንሸሻለን ብሎ መለሰለት፤ አንደኛው ዳር ለምለም ሌላው ደረቅ የሆነ ሸለቆ ውስጥ ግመሎቹን የሚያሰማራ ሰው የትኛውም ዳር ቢያሰማራ በአላህ ውሳኔ ነው ሲልም አስረዳው። በኋላ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ መጥቶ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አለመግባትን፣ ካለበትም ሸሽቶ አለመውጣትን በተመለከተ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰማውን ሲነግራቸው ዑመር አላህን አመሰገነ። በኮሮና ጊዜ ተወኩል ማለት አለመጠንቀቅ ነው ብለው ከእኛ ጋር ሲሟገቱ የነበሩ ወንድሞች ይህን ታሪክ አያውቁትም ማለት አይደለም፤ በዚያን ሰዓት አላስታወሱትም።

ዑመር ከሩቅ ሆኖም አልተዋቸውም። ሰዎቹን ከረግረጋማው ዝቅተኛ ቦታ አውጥቶ አየሩ ወደሚነፍስበት ከፍታ እንዲያሰፍራቸው ለአቡ ዑበይዳ ጻፈለት። አቡ ዑበይዳ በበሽታው ሞተ። ተተኪው ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልም ሞተ። ከዚያ ዐምር ኢብኑል ዓስ ሕዝቡን ወደ ተራሮች በተነው፤ ወረርሽኙም አበቃ። ዑመርም ይህን አልጠላም። በዚያ ጧዑን 25,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ዑመር ከዚያ በኋላ ራሱ ሻም ድረስ ሄዶ የሟቾቹን ውርስ ለወራሾቻቸው አደላደለ።

ወደ ሻም ባደረገው ጉዞ ጃቢያ አካባቢ በሥጋ ደዌ የተያዙ ክርስቲያኖችን አገኘ። ከሶደቃው እንዲሰጣቸው፣ ቀለብም እንዲቆረጥላቸው አዘዘ። መዲና ውስጥም አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት አይሁዳዊ በየደጁ ሲለምን አይቶ ምን እንዳስለመነው ቢጠይቀው ግብሩ፣ ችግሩና እርጅናው እንደሆነ ነገረው። እጁን ይዞ ወደ ቤቱ ወስዶ ካለው ሰጠው፤ ከዚያ የበይተል ማሉን ኃላፊ ጠርቶ ይህንንና መሰሎቹን እንዲመለከት አዘዘው። ጉልበቱን በወጣትነቱ በልተን በእርጅናው ብንጥለው ፍትሕ አላደረግንም የሚል ነበር ሐሳቡ። ግብሩም ተነሳለት። ጌዴኦ ውስጥ አብዛኛው ሕዝብ ክርስቲያን ነው፤ ሙስሊሙ ጥቂት ነው። የዘካና የሶደቃ ሳጥናችን ወደዚያ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛውን ጥያቄ ይሆን?

በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ መጨረሻ፣ ዑመር ሑዘይፋ ኢብኑል የማንንና ዑሥማን ኢብኑ ሑነይፍን አስጠርቶ በዒራቅ መሬት ላይ ሕዝቡ ከሚችለው በላይ ግብር ጥለውበት እንደሆነ መረመራቸው። የሚችለውን ነው የጣልንበት አሉት። እንደገና እንዲያዩት አስጠነቀቃቸው። አላህ ዕድሜ ከሰጠው የዒራቅን ባል የሞተባቸው ሴቶች ከእርሱ በኋላ የማንንም እጅ የማያዩ አድርጎ እንደሚተዋቸው ተናገረ። ከዚያ በኋላ የቆየው አራት ቀን ብቻ ነው።

ፈጅር ላይ እያሰገደ ሳለ አቡ ሉእሉአ ወጋው። ወደ ቤቱ ተሸክመውት ሐኪም መጣ፤ የጠጣው ወተት በቁስሉ ሲወጣ እንደማይተርፍ ታወቀ። ልጁን ዐብዱላህን ዕዳውን እንዲያሰላ አዘዘው፤ 86,000 ገደማ ሆነ። ያን ሁሉ ሰፊ ግዛት የገዛ ሰው ማለት ነው። ከቤተሰቡ ንብረት እንዲከፈል፣ ካልበቃም ከበኒ ዐዲይ እንዲጠየቅ ነገረው። ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ኸሊፋ ኑዛዜ ተወ፦ ገጠሬዎቹን በደግ እንዲይዝ፣ ከሀብታቸው ትርፉን ብቻ ወስዶ ለድሆቻቸው እንዲመልስ፤ በሙስሊሞች ጥበቃ ሥር ያሉ የሌላ እምነት ሰዎችን ቃል ኪዳናቸውን እንዲጠብቅላቸው፣ ከአቅማቸው በላይም እንዳይጭንባቸው።

ከዚያ ዐብዱላህን ወደ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላከው። አሚረል ሙእሚኒን እንዳይላት፣ ዛሬ የምእመናን አዛዥ አይደለሁምና ዑመር ብሎ ብቻ እንዲጠራው አዘዘው፤ ከሁለቱ ጓደኞቹ አጠገብ ለመቀበር ፈቃድ እንዲጠይቅለት። ዓኢሻ እያለቀሰች ነበር፤ ቦታውን ለራሷ አስባው እንደነበርና ዛሬ ግን ከራሷ እንደምታስቀድመው ነገረችው። ዑመር ይህን ሲሰማ አላህን አመሰገነ። ሆኖም ከሞተ በኋላ ሬሳውን ተሸክመው በሯ ላይ ሲደርሱ ዳግም እንዲጠይቋት፣ ከፈቀደች እንዲያስገቡት፣ ካልፈቀደች ወደ ሙስሊሞች መቃብር እንዲወስዱት አደራ አለ። በሕይወት ሳለ የፈቀደችው ሥልጣኑን አፍራ ሊሆን ይችላል ብሎ ፈርቶ ነው። በሯ ላይ ቆመው ጠየቋት፤ ዓኢሻም ፈቀደች።